ክርክር፦ ኮምፒውተር የሰማው ግንኙነት እኩል ነጥብ ይገባዋል?

አስተባባሪው፦ የሳምንቱ ጥያቄ ይህ ነው። ከ1 ጊጋኸርዝ በላይ ባሉት የማይክሮዌቭ ባንዶች (የሞገድ ክልሎች) የአማተር ሬዲዮ ማለትም ለፍቅሩ ሲሉ በራሳቸው ሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች ውድድር ይደረጋል። እንደ ኤፍቲ8 ባለ ዲጂታል ሞድ፣ ማለትም ኮምፒውተር በሚልከውና በሚያነበው መልእክት፣ የተሠራ ግንኙነት በድምፅና በሞርስ (በአጭርና ረጅም ፉጨት በሚላክ ፊደል) ከተሠራው እኩል ነጥብ ይሰጠው? በውጭ አገር አማተሮች ዘንድ የቆየ ጭቅጭቅ ነው። እኛ ጎጃም ያለነው አብዛኞቻችን ገና አዳማጮች ነን፤ ለማሰራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ሲገኝ በየትኛው መንገድ እንደምንጀምር ግን ከአሁኑ እንነጋገር።

መምህሩ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እኔ እኩል መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ኤፍቲ8ን በፈረንጆቹ 2017 ያወጡት ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንኪ ናቸው። ቴይለር በፈረንጆቹ 1993 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙ ሰው ናቸው። ሥራቸውን አላቃልልም። ግን አሠራሩን እዩት። ኮምፒውተሩ በ15 ሰከንድ ተራ ይልካል፣ በ15 ሰከንድ ተራ ያዳምጣል። ጆሮ ምንም ከማይለይበት ጫጫታ ውስጥ መልእክቱን ፈልቅቆ ያወጣል። ሰውየው ማውስ ብቻ ይጫናል። ያደግነው ቅኔ ቤት ባለበት አገር ነው። ተማሪ የሰው ቅኔ ተውሶ ቢቀኝ ማን ይቀበለዋል?

ዲሽ ገጣሚው፣ ከሞጣ፦ መምህር፣ በዚህስ አልስማማም። ያየሁትን ልንገርዎት።

በ26 ዲግሪ ምሥራቅ የዓረብ ቻናሎች የሚመጡበት ቦታ ላይ ኢስሃይል 2 የሚባል ሳተላይት አለ። በኅዳር 2018 በፈረንጆቹ ነው የመጠቀው። የአማተሮች መስመር ተሸክሟል፤ የሚያወርደውም 10489 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ተራው ኤልኤንቢ፣ ዲሹ ፊት ላይ ያለችው መቀበያ፣ ከዚያ ላይ 9750 ይቀንሳል። የሚተርፈውን 739 አካባቢ አንዲት የዩኤስቢ መቀበያ ትሰማዋለች። እኔም ቤቴ ጣሪያ ላይ ባለው ዲሽ ሞከርኩት።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዲሹ በጤዛ ርሶ ነበር። የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ፀሐይ ወጥታ ኤልኤንቢውን ስትመታው ሙቀቱ ያችን 9750 አዛባትና ድምፁ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ወፈረ፣ ቀጥሎ ጭራሽ ቃሉ ጠፋ። በእጄ እየተከተልኩ መለስኩት፣ እንደገና ሸሸ። በግማሽ ሰዓት ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ሄደብኝ።

አሁን አስቡት። የኤፍቲ8 ስፋት 50 ኸርዝ ብቻ ነው። በ10 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ የአንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 10 ኪሎኸርዝ ናት። ድምፅን በጆሮ እየተከተሉ ማዳን ይቻላል። ኤፍቲ8ን አይቻልም። መሣሪያውን ከጂፒኤስ ሰዓት ወይም ከሌላ የማይዋዥቅ ምንጭ ጋር ያላሰረ ሰው እዚያ ባንድ ላይ መልእክት ማውጣት ይቸገራል። ይሄ እንዴት ማውስ መጫን ብቻ ይባላል? 60 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ጨረሩ 3 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። እሱንም ወደ ባሕር ዳር የሚያነጣጥረው ሰው ነው።

ተማሪዋ፣ ከባሕር ዳር፦ ወንድሜ እውነቱን ነው። ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል። በፊት ሁለት ሰዎች በ144 ሜጋኸርዝ በድምፅ ሲገናኙ «በል ወደ 1296 እንውጣ፣ ከዚያ 10 ጊጋ እንሞክር» ይባባላሉ። በኤፍቲ8 ይህን መነጋገር ጭንቅ ነው። በነጻ የሚጻፈው 13 ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው 50 ሜጋኸርዝ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ላይኛው ባንድ ባዶ ይቀራል። ማይክሮዌቭን የሚጎዳው ታች ያለው ኤፍቲ8 ነው። በ10 ጊጋ ለሠራማ ነጥብ እንዴት ይቀነስበታል?

ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ልጆች፣ ዝናቡን ረሳችሁት። 10 ጊጋ ላይ ሞገዱ ከዝናብ ደመና ነጥሮ ይመጣል። በመሐል ተራራ ቢኖርም ሁለቱም ዲሻቸውን ወደ ደመናው ካዞሩ ይሰማማሉ። የነሐሴን የጮቄ ደመና አስቡት! ግን ጠብታው ስለሚንቀሳቀስ ሞገዱ ይበተናል። የሞርሱ ድምፅ ፉጨት መሆኑ ይቀርና ፍሽሽ፣ ፍሽሽሽ ይላል። ጆሮ ግን ይለየዋል። ኤፍቲ8 እዚያ ላይ ይታመማል። በፈረንጆቹ 2021 የወጣው ኪው65 የሚባለው ሌላ ዲጂታል ሞድ ለእንዲህ ያለው የተበተነ ሞገድ ይሻላል። ስለዚህ «ዲጂታል» ብላችሁ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተቱ።

መምህሩ፦ ጋሼ፣ ስለ ዝናቡ አላሰብኩም ነበር። በ10 ጊጋ ላይ ያልኩትን አንስቻለሁ፤ የሞጣው ልጅ አሳምኖኛል። በታችኛው ባንድ ግን ሐሳቤን አልለውጥም። አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። ከጮቄ የምናሰማው የመጀመሪያው ጥሪ በአማርኛ፣ በሰው ድምፅ ይሁን።

ተማሪዋ፦ ለዚህስ እኔም እጄን አወጣለሁ። ተራራው ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣና 1800 ገደማ። የከፍታው ልዩነት ብቻውን ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያሳያል፤ መሐል ላይ የሚጋርድ ጉብታ መኖር አለመኖሩን በካርታ አጣራለሁ። አማተሮች ካርታውን በሚከፍሉበት የካሬ ስም ደብረ ማርቆስ ኬኬ80 ነው፣ እኛ ኬኬ81፤ ሁለት የተለያየ ካሬ ይቆጠራል። ወንድሜ፣ መዝገብህ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ብለህ ከሆነ የጻፍከው አርመው። በዓለም አቀፉ ሰዓት 04:00 ነው።

ዲሽ ገጣሚው፦ 01:00 ብዬ ነበር፤ አሁን አረምኩት። አንድ ትርፍ ዲሽ አለኝ፣ ጠርዙ ትንሽ ተጣሟል እንጂ ይሠራል። ጋሼ፣ ዝናቡ ሳይገባ ለማዳመጥ ወደ ጮቄ እንውጣ ካላችሁ እኔ እሸከመዋለሁ።