ለልጆቹ ሮቦት የትኛውን ጆይስቲክ እንግዛ?

ሰላም ወገኖቼ፣ በዚህ ነገር የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምክር ለግሱን። እዚህ ሜሪላንድ ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ ለሚባለው የተማሪዎች የሮቦት ውድድር የሚዘጋጁ ልጆችን አግዛለሁ። የቀረን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ርካሽ፣ ስሙ የማይታወቅ ጆይስቲክ ገዛን። ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ድራይቨር ሃቡ (ጆይስቲኩ ተሰክቶበት ሮቦቱን የሚያዝዘው መሣሪያ) ግን ጭራሽ አላወቀውም። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ የሚፈቀዱት በደንቡ ላይ በስም ተዘርዝረዋል፣ ሳናነብ ነው የገዛነው። ከዚያ ከአንድ ቤተሰብ ሎጂቴክ ኤፍ310 ተዋስን። እሱም እምቢ አለ። ከጀርባው ያለችውን ማብሪያ ከ«ዲ» ወደ «ኤክስ» ገፍተን፣ «ስታርት» እና «ኤ»ን አንድ ላይ ስንጫን ግን ሮቦቱ ተንቀሳቀሰ። ልጆቹ እንዴት እንደጮኹ!

አሁን ለሁለት ነጂዎች ሁለት መግዛት አለብን። ዋናዋ ነጂያችን የሶኒውን ዱዋልሾክ 4 (የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ) ትፈልጋለች። እጇ ለምዶታል፤ ደግሞም ሮቦቱ ዕቃውን ሲይዝ በንዝረት እንዲነግራት ፕሮግራም ማድረግ ይቻላል፣ ኤፍ310 ግን አይነዝርም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ገመዱ ነው። የኤፍ310 ገመድ ከራሱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የዱዋልሾኩ በማይክሮ ዩኤስቢ ይሰካል። በ2 ደቂቃው የመንዳት ጊዜ መሀል ቢወልቅስ? ያለ ገመድ መጠቀም ደግሞ አይፈቀድም።

ዱዋልሾክ ይዛችሁ የተወዳደራችሁ፣ ገመዱ ወልቆባችሁ ያውቃል? በምን አጥብቃችሁ አሰራችሁት? አንዷ በሶኒ፣ ሌላው በሎጂቴክ ቢነዱስ ያስቸግራል? ገንዘቡ ወላጆች ያዋጡት ስለሆነ ዳግመኛ መሳሳት አልፈልግም።