ክርክር፦ ፕሬድኒሶሎን ያለ ማዘዣ የሸጠ መድኃኒት ቤት ይታሸግ?

አስተባባሪ፦ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ የሚባሉ፣ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚያበርዱ፣ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጡ መድኃኒቶች ናቸው፤ ግን ጠይቆ የሚያገኝ ሞልቷል። ያለ ማዘዣ የሸጠ ይታሸግ የሚል ሐሳብ ከአንድ አባል ቀርቧል። ስድብ የለም። «ስንት ፍሬ ልዋጥ?» የሚል ጥያቄም እዚህ አይመለስም።

ፋርማሲስቷ፦ ሐሳቡ የኔ ነው። ወጣቶች መጥተው «ያቺን የምታወፍረውን» ይሉኛል፤ ስሟን እንኳ አያውቁም። ዴክሳሜታሶን ማለታቸው ነው። እሱ ደግሞ ፊትና ሆድ ላይ ስብ ይከምራል፤ የእጅና የእግር ጡንቻ ግን ይጨርሳል፣ የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል። እኔ ስከለክል ማዶ ያለው ይሸጣል። አንዱ ካልታሸገ ሌላው አይሰማም።

ታዛቢ፦ በኮቪድ ጊዜ «ሕይወት አድን» ስትሉን አልነበር? ዛሬ መርዝ ሆነ?

ዶክተሩ፦ ሁለቱም እውነት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተካሄደው የሪከቨሪ ጥናት በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን ሰጥቶ፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት ሕሙማን መካከል ሞትን በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልተገኘለትም። ከባድ ሕመም ላይ ሳምባን የሚጎዳው የራስ መከላከያ ኃይል ከልክ ማለፉ ነው፤ መድኃኒቱ እሱን ያበርዳል። ገና ቫይረሱን እየተዋጋ ያለን ሰውነት ማብረድ ግን ምን ይጠቅማል?

ሲስተር ከጤና ጣቢያ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ቲቢው ነው። በብዙ ሰው ሳምባ ውስጥ ባክቴሪያው በመከላከያ ሴሎች ተከቦ ሳያሳምም ይኖራል። ስቴሮይድ ከበባውን ያላላል። የሚያስለው ሰውዬ «አስም ነው» ተብሎ ኪኒኑን ይጀምራል፤ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ እንጀራ ይበላለታል፣ ቤተሰቡ ተመስገን ይላል። እኛ ጋ የሚደርሰው ክብደቱ አልቆ፣ ደም እየተፋ ነው።

የልጁ እናት፦ ይታሸግ ማለት ቀላል ነው። ልጄ ኔፍሮቲክ ሲንድረም የሚባል የኩላሊት ሕመም አለበት፤ ፕሮቲን በሽንቱ እየወጣ ሰውነቱ ያብጣል። ፕሬድኒሶሎኑ መራራ ስለሆነ ፈጭቼ በስኳር ነው የምሰጠው። ለፋሲካ አገር ቤት ሄደን አለቀብን። የቀጠሮ ካርዱን ይዤ ብዞር «ማዘዣ አምጪ» አሉኝ። በበዓል ሐኪም ከየት ላምጣ?

ዶክተሩ፦ እናትየው ልክ ናቸው፤ ክርክሩ የሳተውም ይህን ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ እጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን የሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ያመርታሉ። ኪኒኑ ለሳምንታት ሲወሰድ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል፣ እጢዎቹም ሥራ ይፈታሉ። ያኔ ኪኒኑ ድንገት ከተቋረጠ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሊገድልም ይችላል። መጠኑ ቀስ በቀስ የሚቀነሰው ለዚህ ነው። ስለ እሸጋ ካወራን፣ ጀምሮ ያለው ሰው የት ይሂድ?

የልጁ እናት፦ እግረ መንገዴን ልጠይቅ፦ የኩፍኝ ዘመቻ ቢመጣ ላስከትበው?

ሲስተር፦ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ። የኩፍኝ ክትባት ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ ነው፤ መከላከያው የበረደ ልጅን ሊያሳምም ይችላል። ከፍ ያለ የስቴሮይድ መጠን ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የወሰደ ልጅ፣ ካቆመ በኋላ ቢያንስ 1 ወር ይጠብቃል። አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ፔንታቫለንት ክትባት ሕያው ጀርም ስለሌለበት ይቻላል፣ ምላሹ ግን ሊቀንስ ይችላል። ወንድምና እህቶቹን ያስከትቡ፤ እሱን ከኩፍኝ የሚከልሉት እነሱ ናቸው። ደግሞ ልብ በሉ፦ የእርሶ ልጅ ካርድ ስላለው እናውቃለን። ከሱቅ ተገዝቶ የተሰጠው ልጅ ቢመጣ ማን ይነግረናል? መርፌውን ወግተን እንሸኘዋለን።

ታዛቢ፦ እሺ፣ ካርድ ላለው የ3 ቀን ይሸጥለትና ይለቅ።

ፋርማሲስቷ፦ አንዱ ጋ የ3 ቀን፣ ሌላው ሰፈር ሌላ 3 ቀን። ማን ይቆጣጠረዋል?

ሲስተር፦ ካርዱ ጀርባ ላይ ቀኑንና የፍሬውን ብዛት ጽፈሽ ማኅተም ምቺበት። ቀጣዩ ያየዋል።

ፋርማሲስቷ፦ እሱን እቀበላለሁ። ካርድ ለሌለውና ለመወፈር ለሚመጣው ግን አቋሜ ያው ነው፤ የሸጠለት ይታሸግ።