ኢፒሶዲክ አታክሲያ (እየተነሳ የሚተው የሰውነት ሚዛንና ቅንጅት መታወክ)፣ መድኃኒት የቀየራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ እህቴ ድንገት ይነሳባትና እግሯ አልታዘዝ ይላታል፣ ምላሷ ይተሳሰራል፣ ብርጭቆ ልታነሳ እጇን ስትሰድ ስቶ ያልፋል፣ አይኗም ወደ ጎን ይርገበገባል፣ ከሰዓታት በኋላ ደሞ ምንም እንዳልነካት ትሆናለች። አባታችንም በወጣትነቱ እንደዚህ ያደርገው ነበር፣ ሰው ግን ጠጥቶ ነው ይለው ነበር (እስካሁን ያንገበግበኛል)። ስትጨነቅ፣ በጣም ስትደክም ወይ ቡና ስታበዛ ይብስባታል።

ኤምአርአይ ምንም አላሳየም፣ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ የተሰጣትም መድኃኒት አልሰራም። አሁን ያያት ኒውሮሎጂስት (የነርቭ ሐኪም) ኢፒሶዲክ አታክሲያ ታይፕ 2 ሳይሆን አይቀርም አለን፣ ታይፕ 1 ቢሆን ለሰከንዶች ወይ ለደቂቃዎች ብቻ ነበር የሚቆየው ብሎ። አሴታዞላማይድ አዘዘላት፣ ተመስገን በጣም ቀነሰላት፣ ግን ጣቶቿን ይነዝራታል፣ የኩላሊት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል ስለተባለ ውሃ ጠጪ እያልኩ እጨቀጭቃታለሁ።

ከአሴታዞላማይድ ወደ 4-አሚኖፒሪዲን የቀየረ ሰው አለ? እንዴት ሆነላችሁ? ሌላው፣ በሽታው ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ እድሉ 50 ፐርሰንት ነው ተብያለሁ፣ እኔ እስካሁን ምልክት የለኝም፣ ግን ልጅ መውለድ አስቤ ነበር፣ የሲኤሲኤንኤ1ኤ (ከታይፕ 2 ጋር የተያያዘው ጂን) ምርመራ አሁኑኑ ላድርግ ወይስ መጀመሪያ እሷ ተመርምራ ውጤቷ ይታወቅ?