የፊት ጎማዎቹ ኃይል አያገኙም፤ ምን ልመርምር?

ጤና ይስጥልኝ። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ ፒክአፕ መኪና አለኝ። ትራንስፈሩ (የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ማርሽ) በእጅ የሚገባ ነው፤ የፊቱን አክስል የሚያገናኘው ግን በሞተሩ ቫኪዩም (አየር የመሳብ ኃይል) የሚሠራ መሣሪያ ነው። አሁን አራቱንም ጎማ እንዲስብ ሳስገባው የዳሽቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ በርቶ አይቆይም፤ ጭቃ ላይ የሚሽከረከሩትም የኋላዎቹ ብቻ ናቸው።

ትራንስፈሩን አልጠረጥርም፤ መኪናውን በደንብ ደግፌ ከመሬት ሳነሳው ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ይዞራል። የቫኪዩም ቱቦዎቹን በሙሉ ለውጫለሁ። ግራ ያጋባኝ ይህ ነው፦ የመሣሪያውን አየር በእጅ ፓምፕ ስስበው አክስሉ ወዲያው ይቆለፋል፤ ሞተሩ ሲሠራ ግን እምቢ ይላል። ስለዚህ ዓይኔ ያረፈው ቫኪዩሙን በኤሌክትሪክ በሚከፍቱትና በሚዘጉት ሁለት ሶሌኖይዶች ላይ ነው። 12 ቮልት ሲደርሳቸው ጠቅ ይላሉ፤ ድምፁ ብቻውን ግን ቫኪዩም በትክክል ማሳለፋቸውን አያረጋግጥም።

አንደኛው ሶሌኖይድ የቆየውን ቫኪዩም ሳይለቅ ቀርቶ የመሣሪያውን ላስቲክ ከሁለቱም ወገን እየሳበው ይሆን? ይህን ሳልፈታ የምለይበት መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ዝናቡ ሳይበረታ መኪናው በጣም ያስፈልገኛል። በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቼ መሞከር ማርሾቹን ስለሚያስጨንቅ ያንን አልፈልግም።