የ17 ዓመት ልጅ ለፊልም ኦዲሽን ቪዲዮ ልትልክ ነው፤ ጎንደር ሆና እንዴት ትዘጋጅ?

ቀሃ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 17 ዓመቷ ነው፤ ጎንደር 12ኛ ክፍል ትማራለች። በትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያና ድራማ ክበብ ትሠራለች፤ ለፊልም ግን ተቀርጻ አታውቅም። እዚሁ ለሚቀረጽ ፊልም ሁለት ገጽ ስክሪፕት ተልኮላት ተጫውታ በቪዲዮ እንድትልክ ተጠይቃለች። ያለን አንድ ስልክ ነው። እንዴት እንቅረጸው? ብታልፍስ ከመፈረም በፊት ምን እንይ?

ማራኪ ሰፈር
ስልኩ ይበቃል። አግድም አድርጋችሁ በዐይኗ ልክ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ አቁሙት። መስኮቱ ከፊቷ ይሁን፤ ከጀርባዋ ከሆነ ፊቷ ጥላ ይሆናል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ወይም ነጠላ አትልበስ፤ ስልኩ ለነጩ ልብስ ብሎ ብርሃኑን ሲቀንስ ፊቷ ይጨልማል።

ብዙ ቪዲዮ የሚጣለው ግን በድምፅ ምክንያት ነው። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ካሜራው በማያየው በኩል ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። የሌላውን ገጸ ባሕርይ ቃል የሚያነብላት ሰው ከስልኩ አጠገብ ስለሚቆም ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ አለዚያ የእሱ ድምፅ የእሷን ይውጠዋል። እሷም የምታየው እሱን ነው፤ ሌንሱን የምታየው ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ቁመቷንና ከተማዋን ስትናገር ብቻ። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ፤ እንደ ቪዲዮ ከሄደ ጥራቱ ይወርዳል።

መድረክና ካሜራ
ከድራማ ክበብ የመጡ ልጆችን የሚጥላቸው የመድረክ ድምፅ ነው። በሚኒ ሚዲያና በአዳራሽ ድምፅ ለኋለኛው ረድፍ ይጣላል፤ ካሜራ ግን ቅንድብ ስትነሳ እንኳ ያያል። ቃሉን ምድጃ ዳር ለተቀመጠች እናቷ በምትናገርበት መጠን ትበለው። እጇን በየቃሉ አታወናጭፍ።

ሌላው የንባብ ነገር ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» «ተናገረ» ነው፣ «ይገኛል»ም ነው፤ «ይመታል» መቺውም ተመቺውም ሊሆን ይችላል። ቃሉን ሳታጠና በፊት የሚጠብቁት ፊደላት ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ ታድርግ። በተሳሳተ ጥብቀት የተጠና ዐረፍተ ነገር ቀረጻ ላይ ለማረም በጣም ይከብዳል። የጎንደር አነጋገሯንም ተጠይቃ ካልሆነ በአዲስ አበባ አትለውጠው። ታሪኩ እዚሁ ከሆነ ይህ ከሌሎች የሚለያት ሀብቷ ነው።

ቀሃ ዳር
እናመሰግናለን። ስክሪፕቱ ላይ «ታለቅሳለች» ይላል። እንባ ካልመጣላትስ?

መድረክና ካሜራ
አይምጣ። ሽንኩርትና ቅባት አትጠቀሙ፤ ዐይን ይቀላል እንጂ ፊት አያዝንም። እንባዋን ለመዋጥ ትታገል፤ ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ቃሉን ለመጨረስ ትሞክር። ተመልካችን የሚነካው ያ ትግል ነው። ከሁለት ሦስት ሙከራ በላይ አትቅረጹ፤ ፊቷ ይደክምና ጨዋታው ባዶ ይሆናል።

ውል አንባቢ
ለኦዲሽን ገንዘብ ክፈሉ ከተባላችሁ ተዉት። ሥራ የሚሰጥ ሰው ከተዋናይ አይቀበልም። በአካል ከጠሯት ቀን ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ከቤተሰብ ጋር ትሂድ።

18 ስላልሞላት ውሉን ወላጅ ወይም ሞግዚት ይፈርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠሩ ይከለክላል። ይህን ውሉ ላይ በግልጽ አስጽፉት፤ የሌሊት ትዕይንት ካለ ከወዲሁ ይታወቃል። የቀረጻ ቀናት ብዛት፣ ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ፎቶዋ ለሌላ ማስታወቂያ መዋል አለመዋሉም ይጻፍ። ክፍያው «ፊልሙ ሲወጣ» የሚል ከሆነ አትፈርሙ። አንድ ሦስተኛው ሲፈረም፣ አንድ ሦስተኛው መሐል ላይ፣ ቀሪው በመጨረሻው የቀረጻ ቀን ቢሆን ይሻላል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ለቀናት የሚቆይ ነው፤ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሊያድሩም ይችላሉ። የፈተናው ሳምንትና ከዚያ በፊት ያለው አንድ ወር ቀረጻ እንዳይያዝባት አስጽፉ። «እናስተካክላለን» የሚል የቃል ተስፋ አይበቃም፤ አንድ ቀን ዝናብ ከዘነበ ፕሮግራሙ ሁሉ ይገፋል።

ማራኪ ሰፈር
ካለፈች አንድ ልጨምር። ትዕይንቶች በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጹም፤ ዛሬ ከበሩ ስትወጣ ተቀርጻ የገባችበት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሹሩባዋን ሳታስፈቅድ አትፍታ፤ ከእያንዳንዱ ትዕይንት በኋላ ፀጉሯን፣ ልብሷንና ነጠላዋ የተጣለበትን ትከሻ ፎቶ አንሱ። ስኒውን በየትኛው ቃል ላይ፣ በየትኛው እጇ እንዳነሳች ትመዝግብ። ምግብ ካለ ትንሽ ትንሽ ትጉረስ፤ ያው ጉርሻ ስምንት ጊዜ ሊደገም ይችላል። ቀረጻው ጾም ላይ ከዋለና ትዕይንቱ ዶሮ ወጥ ከሆነ፣ በጾም ወጥ እንዲተካላት ቀደም ብላ ለዳይሬክተሩ ትንገር።