ሄብሮስ፣ ማሪትሳ፣ ኤቭሮስ፣ ሜሪች፦ አንድ ወንዝ ነው ወይስ አራት?

ተርጓሚው
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ትራኪያ (ዛሬ ቡልጋሪያ፣ ግሪክና ቱርክ የሚካፈሉት አገር) ታሪክ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንዱ ምዕራፍ ሄብሮስ ይላል፣ ሌላው ማሪትሳ፣ ቀጥሎ ኤቭሮስ፣ ስለ ድንበሩ ሲያወራ ደግሞ ሜሪች። ካርታ ላይ ስፈልጋቸው ሁሉም እዚያው አካባቢ ያደርሱኛል። የቱን ይዤ ልቀጥል? የወንዙንም መንገድ የሚያውቅ ቢያስረዳኝ።

ሮዶፔ
ወንዙ አንድ ነው። የሚነሳው ቡልጋሪያ ውስጥ፣ ከሪላ ተራሮች፣ ከሙሳላ ጫፍ (2,925 ሜትር) ብዙ ሳይርቅ ካሉት የማሪትሳ ሐይቆች ነው። ከዚያ በፓዛርጂክና በፕሎቭዲቭ አድርጎ በሜዳው ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ስቪሌንግራድን ሲያልፍ ለጥቂት ኪሎ ሜትር የቡልጋሪያና የግሪክ ወሰን ይሆናል፤ ቀጥሎ የግሪክና የቱርክ። የቱርኳ ከተማ ኤዲርኔ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ ኤኔዝ አጠገብ ኤጂያን ባሕር ይገባል። ጠቅላላ ርዝመቱ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ቡልጋሪያ ውስጥ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ተጠንቀቅ። «ከዚህ በታች ድንበሩ ወንዙ ነው» ብለህ በደፈናው እንዳትጽፍ። ኤዲርኔ ላይ ሁለቱም ዳርቻ የቱርክ ነው። በ1923 የሎዛን ስምምነት ግሪክ በጦርነት ካሣ ስም ከወንዙ ወዲያ ማዶ ያለውን ካራአጋች የሚባል ቦታ ለቱርክ ለቀቀች፤ ስለዚህ መስመሩ እዚያ ወንዙን ትቶ ወደ ምዕራብ ይወጣል። ካርታ የሚያስተውል ሰው መጀመሪያ የሚይዝህ እዚህ ላይ ነው።

ፊደል ቆጣሪ
ስለ ስሙ፦ ሄብሮስና ኤቭሮስ አንድ ቃል ናቸው። በጥንቱ ግሪክኛ ከፊት የነበረችው የ«ህ» ትንፋሽ ጠፋች፣ «ብ» ደግሞ በጊዜ ብዛት «ቭ» ሆነች። ማሪትሳ የቡልጋሪያዎቹ ነው፣ ሜሪች የቱርኮቹ፤ የሁለቱ ዝምድና በጆሮም ይሰማል።

እኔ ብሆን በዘመንና በቦታ እለያቸዋለሁ። የጥንት ነገር ከሆነ ሄብሮስ፤ በግሪኮች ተረት የዘፋኙ የኦርፌዎስ ራስ ተንሳፍፎ የወረደው በሄብሮስ ነውና እዚያ ሜሪች ብትል ያስቃል። በ1371 ኦቶማኖች የሰርብ መሳፍንትን ቼርኖመን ላይ ድል የመቱበት ውጊያ «የማሪትሳ ጦርነት» ተብሎ ጸድቋል፣ አትንካው። (ቼርኖመን ዛሬ ግሪክ ውስጥ ኦርሜኒዮ ይባላል።) የዛሬው ድንበር ላይ ስትደርስ የግሪኩን ወገን ስታወራ ኤቭሮስ፣ የቱርኩን ስታወራ ሜሪች። መጀመሪያ ሲመጣ ሌሎቹን ስሞች አንዴ በቅንፍ አስገባና ተገላገል።

አጻጻፉ ላይ ደግሞ ኤቭሮስን በ«ብ» አትጻፈው። «ኤብሮስ» ካልክ አንባቢው ስፔን ወዳለው የኤብሮ ወንዝ ይሄድብሃል።

ተርጓሚው
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቀረኝ፦ ጽሑፉ «ኤዲርኔ ሁልጊዜ በጎርፍ ትጠቃለች» ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አያብራራም።

ሮዶፔ
ሦስት ወንዝ እዚያው ስለሚገናኝ ነው። አርዳ ከምዕራብ፣ ከሮዶፔ ተራሮች ይመጣል፤ ቱንጃ ከሰሜን። አርዳ ከተራራ ስለሚወርድ ዝናብ ሲጥል ቶሎ ይሞላል፤ ቡልጋሪያ ውስጥ ያሉት ግድቦቹ ጢም ብለው ከሆነ ደግሞ የመጣውን ውሃ ከመልቀቅ በቀር ምርጫ የለም። ማሪትሳ ከፍ ሲል የቱንጃ ውሃ መግቢያ አጥቶ ወደ ኋላ ይተኛል። ከከተማው በታች መሬቱ ዝርግ ነው፣ ወንዙም ደለል ያራግፋል፤ ውሃው ፈጥኖ አይሄድም። «ሁልጊዜ» የሚለውን ግን አርመው፦ ጎርፉ በብዛት ከክረምት እስከ ጸደይ መጀመሪያ ነው፣ የእነሱ ክረምት ማለቴ ነው፤ ዝናቡና የሚቀልጠው በረዶ አንድ ላይ ሲመጡ። በእነሱ በጋ፣ ማለትም በኛ ክረምት ወራት፣ ወንዙ ሳስቶ አሸዋው ይታያል።

ፊደል ቆጣሪ
«ክረምት» ስትል የኛን ሐምሌና ነሐሴ እንዳይመስለው «ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት» ብለህ በወር ጻፈው።