ጠርሙሱ ላይ የወይኑ ዝርያ ካልተጻፈ ለእንግዳ ምን እንበለው? (ኮምቦልቻ)

የቦርከናው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኮምቦልቻ ላለ አንድ ሆቴል የወይን ጠጅ ዝርዝር እያዘጋጀሁ ነው። የዝዋዩ ችግር የለበትም፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞ ብሎ ራሱ ይናገራል። ያስቸገሩት የውጭዎቹ ናቸው። አንዱ "ቦርዶ" ይላል፣ ሌላው "ሪዮሃ ሬዘርቫ"፣ ሌላው "ኪያንቲ ክላሲኮ"፣ ሌላው "ቡርጎኝ"። እንግዳ "ከምን ወይን ነው የተሠራው?" ብሎ ሲጠይቅ አስተናጋጆቹ የሚመልሱት የላቸውም። ከቦታው ስም ተነስቶ ዝርያውን ማወቅ ይቻላል? "ሬዘርቫ"፣ "ግራን ክሩ" የሚሉትስ የዋጋ ልዩነት ይገባቸዋል ወይስ ጌጥ ናቸው?

ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል እንጂ፣ ባለቤቱ ከሆቴሉ ጀርባ ባለው መሬት ጥቂት የወይን ተክል መትከልም አምሮታል። እዚህ ይሆናል?

ጦሳ ሥር፦
አብሽር፣ ይቻላል። የድሮዎቹ የአውሮፓ ወይን አገሮች ስም በሕግ የታጠረ ነው። የትኛው ዝርያ እንደሚተከል፣ ከአንድ ሄክታር ምን ያህል እንደሚመረት፣ ብዙ ቦታም ስንት ጊዜ ተቀምጦ እንደሚሸጥ ደንቡ ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ የቦታው ስም ከተጠራ ዝርያው አብሮ ተጠራ ማለት ነው። አጥሩ የቆየ ነው። የጣሊያኑ ኪያንቲ ድንበር በ1716 እ.ኤ.አ. በቶስካናው መስፍን በኮሲሞ 3ኛ ተከለለ፤ የፖርቱጋሉ ዶውሮ ደግሞ በ1756 በአገሩ ዋና ሚኒስትር በፖምባል። ፖምባልን ያነሳሳው ማጭበርበር ነበር። ነጋዴው ቀለሙን ለማጥቆር ኤልደርቤሪ የሚባል ፍሬ ይጨምርበት ስለነበር ሰውዬው ዛፉን ከነሥሩ አስነቀለው።

የፈረንሳዩ ቡርጎኝ ቀላሉ ነው። ቀይ ከሆነ ፒኖ ኗር፣ ነጭ ከሆነ ሻርዶኔ። በ1395 መስፍኑ ፊሊፕ (ደፋሩ የሚሉት) ጋሜ የሚባለው ዝርያ ከግዛቱ እንዲነቀል አዘዘ። ጋሜ ብዙ ያፈራል፣ ጠጁ ግን ከፒኖ ኗር አይደርስም። ዛሬ ጋሜን ከቡርጎኝ በስተደቡብ፣ ቦዦሌ ላይ ታገኘዋለህ፤ የግራናይቱ አፈር ተስማምቶታል። ለአስተናጋጆችህ ግን አንድ ነገር ንገራቸው፦ የፒኖ ኗር ልጣጭ ስስ ስለሆነ ጠጁ ፈካ ያለ ነው። ጥቁር ቀይ የለመደ እንግዳ ውሃ የገባበት ይመስለዋልና ከመቅዳታቸው በፊት ቢነግሩት ይሻላል።

ኪያንቲ ክላሲኮ ቢያንስ 80 በመቶ ሳንጆቬዜ ነው፤ አንገቱ ላይ ጥቁር አውራ ዶሮ አለ። "ክላሲኮ" የሌለው ኪያንቲ ሰፊ አካባቢን ይይዛል፤ ዝቅተኛው መጠንም 70 በመቶ ነው። ሳንጆቬዜ ኮምጠጥ ስለሚል ከቲማቲም ስጎ ጋር የሚሄድ ወይን ነው። ስፓጌቲ ላዘዘ እንግዳ መጀመሪያ እሱን አቅርቡ።

የስፔኑ ሪዮሃ በአብዛኛው ቴምፕራኒዮ ነው፣ ጋርናቻ ሊቀላቀልበት ይችላል። እዚህ ላይ "ሬዘርቫ" ጌጥ አይደለም። ለቀዩ ክሪያንሳ 2 ዓመት (1ዱ በኦክ በርሜል)፣ ሬዘርቫ 3 ዓመት (1ዱ በበርሜል)፣ ግራን ሬዘርቫ 5 ዓመት (2ቱ በበርሜል) ይቆያል። የቫኒላ መዓዛው ከወይኑ ሳይሆን ከእንጨቱ ነው፤ ሪዮሃ የአሜሪካን ኦክ ስለሚወድ ጎልቶ ይሸታል። ይህ በርሜል የቦርዶ እጅ አለበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የሚባል ሥር መጣጭ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ሲፈጅ የቦርዶ ነጋዴዎች የስፔንን ድንበር ተራራ ተሻግረው እዚያ ጠጅ መግዛት ጀመሩ፤ የበርሜል ልማዳቸውንም ይዘው ሄዱ። የቺሊ "ሬዘርቫ" ግን ይህን ያህል ጥብቅ የማቆያ ደንብ ስለሌለበት በዚያ ቃል ብቻ ዋጋ አትጨምር።

ቦርዶ ቅልቅል ነው። ከወንዙ ግራ ካበርኔ ሶቪኞ ይበዛል፣ ከቀኝ ሜርሎ።

ከአውሮፓ ውጭ አብዛኛውን ጊዜ ዝርያው ፊት ለፊት ይጻፋል፦ የአርጀንቲናው ማልቤክ፣ የደቡብ አፍሪካው ፒኖታዥ (በ1925 ፒኖ ኗርና ሳንሶ ተዳቅለው የተገኘ)። "ሜርሎ" ማለት 100 በመቶ ሜርሎ ነው ብላችሁ ግን አትማሉ። አውሮፓ ኅብረትና ደቡብ አፍሪካ 85 በመቶ ከሆነ ይበቃቸዋል፣ አሜሪካ ባጠቃላይ 75። የዝዋዩን በተመለከተ "አካሲያ" የምርት ስም እንጂ ዝርያ አይደለም፤ በዝርዝሩ ላይ ከሜርሎና ከሲራ ጋር አንድ ረድፍ ላይ እንዳታስገባው።

ሐርቡ መንገድ፦
የጦሳ ሥር መልስ ጥሩ ነው፤ የቦርዶዋ አንድ መስመር ግን ታሳስታለች። ግራና ቀኙ የሚሠራው ሜዶክ (ግራው)፣ ፖምሮል (ቀኙ) የሚል ስም ላላቸው ጠርሙሶች ነው። ቦርዶ ውስጥ በስፋት የተተከለው ቀይ ዝርያ ሜርሎ ስለሆነ፣ "ቦርዶ" ወይም "ቦርዶ ሱፔሪየር" ብቻ የሚል ቀይ በአብዛኛው ሜርሎ ያመዝንበታል። እኛ ጋ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ዝርዝሩ ላይ "ሜርሎ የሚያመዝንበት ቅልቅል" ብትል አታፍርበትም።

ግራና ቀኙ የተለየውም በአፈሩ ነው። ሜዶክ ጭንጫ ነው። ጠጠሩ ውሃ አይይዝም፣ የቀን ሙቀት ይይዛል፤ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞ ይህን ይፈልጋል። ፖምሮል ላይ ሸክላማ አፈር አለ፤ ቀዝቀዝ ስለሚል ቶሎ የሚበስለው ሜርሎ ነው የሚያዋጣው። ካበርኔ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ድድ ጨብጦ የሚይዘው ታኒን ይበዛበታል፣ ሜርሎ ለስለስ ይላል። ሁለቱን መቀላቀሉ ለጣዕም ብቻ አይደለም። አንዱን ዝናብ ወይም ውርጭ ቢያበላሸው ሌላው ዓመቱን ያወጣዋል።

"ግራን ክሩ" እንደ ቦታው ይለያያል። ቡርጎኝ ላይ ለመሬቱ የሚሰጥ የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ነው። በሜዶክ ደግሞ ለአምራቹ ነው የተሰጠው፦ በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርዒት፣ በናፖሊዮን 3ኛ ጥያቄ፣ ደላሎች ዋጋን አይተው በ5 እርከን መደቧቸው። ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከ2ኛ ወደ 1ኛ ወጣ። እዚያው ቦርዶ ያለው "ሳንቴሚልዮን ግራን ክሩ" ሲሆን ግን ብዙ አምራች የሚጽፈው የአካባቢ መጠሪያ ነው፤ ደረጃ የሚሆነው "ክላሴ" ሲጨመርበት ነው። ነጋዴ በዚህ ስም ከቡርጎኙ እኩል ዋጋ ሲጠራብህ ተጠንቀቅ።

የቦርከናው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዝርዝሩ መልክ እየያዘ ነው። ከቺሊዎቹ ውስጥ አንድ ሜርሎ ቃሪያ ቃሪያ ይሸታል። ተበላሽቶ ይሆን?

ሐርቡ መንገድ፦
አልተበላሸም። ካበርኔ፣ ሜርሎ፣ ካርሜኔር ሳይበስሉ ከተለቀሙ የቃሪያ ሽታ አላቸው። ቺሊ ውስጥ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሜርሎ ተብሎ የተለቀመው ብዙው ካርሜኔር ነበር፤ በ1994 ነው የተለየው። ካርሜኔር ከሜርሎ ሳምንታት ዘግይቶ ስለሚበስል አብረው ሲለቀሙ እሱ ጥሬ ነበር። አሁን በአብዛኛው ተለይቶ ይሸጣል፤ ጥሬ ዘለላዎች ከገቡበት ግን ሽታው ይመጣል። ከጥብስ ጋር ሲቀርብ ብዙም አይታወቅም፤ ቃሪያው ለካ ሳህኑም ላይ አለ።

ወደ ተከላው ልምጣ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ዝዋይ 1,640 አካባቢ ነው፣ የአርጀንቲናው ኡኮ ሸለቆም 1,500 አካባቢ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከፍታው ብቻውን አይከለክልም። የሚያስቸግሩት ክረምት ላይ የሚወርደው ዝናብና ዋልካ አፈሩ ናቸው። ዋልካ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ሥሩ ውሃ ውስጥ ይታፈናል። ተዳፋት የሆነ ጭንጫ ካለ እዚያ ትከሉ፤ ከሌለ ቦይ ቆፍራችሁ አፈሩን ከፍ አድርጉ።

አውሮፓ ብርዱ ተክሉን ያስተኛዋል፣ እዚህ የሚያስተኛው የለም። የሚቀሰቅሰው መግረዙ ነው። ከመግረዝ እስከ ለቀማ 4 ወይም 5 ወር ስለሚፈጅ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በየቅርንጫፉ 2 ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት ጉጥ) አስቀርታችሁ ግረዙ። ያኔ ፍሬው የካቲት ውስጥ ይደርሳል፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ። ዝናብ የበሰለ ፍሬ ላይ ከደረሰ ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይሻግታል። ክረምት ላይ ሊደርስ የሚመጣውን ዘለላ ገና በአበባው ቁረጡት። ፒኖ ኗር ዘለላው ስለሚጠጋጋ እዚህ ለሻጋታ ይጋለጣል፣ አትሞክሩት። ደሴ ከእናንተ 600 ሜትር ስለምትበልጥ ወደ 4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች፤ ካበርኔ እዚያ መብሰሉን እጠራጠራለሁ። በእኔ እምነት ለሆቴል ጓሮ የሚሻለው ለመብል የሚሆን ወይን በዳስ ላይ ነው። የማይጠጣውም እንግዳ ይበላዋል። የመጀመሪያውን ደህና ምርት በ3ኛው ዓመት ጠብቁ።

ከውጭ በሻንጣ ቁራጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ እምቢ በሉት። ፊሎክሴራ፣ የክሽክሽ ዘመድ የሆነችው ሥር መጣጭ፣ በ1860ዎቹ ከአሜሪካ ፈረንሳይ የገባችው ተክል ላይ ተሳፍራ ነው። መፍትሔው የአውሮፓን ወይን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ማዳቀል ሆነ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። ቀጥሎ በ1878 የቅጠል ሻጋታው መጣ፤ እዚህም ክረምት ላይ የምትጣሉት ከእሱ ጋር ነው። መድኃኒቱ የተገኘው ሜዶክ ነው። ገበሬዎች መንገድ ዳር ያለው ወይናቸው እንዳይሰረቅ መዳብና ኖራ ይረጩበት ነበር። ሚላርዴ የሚባል የቦርዶ ፕሮፌሰር የተረጨው ሻጋታ እንዳልነካው አይቶ በ1885 አሳተመው። "የቦርዶ ድብልቅ" የሚባለው ይኸው ነው።

ለ10 ሊትር 100 ግራም ኮፐር ሰልፌትና 100 ግራም ያልጠፋ (ውሃ ያልነካው) ኖራ ያስፈልጋል፤ የጠፋ ኖራ ከሆነ 130 ግራም። መዳቡን በ5 ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ባልዲ አሟሙ፤ ብረት ዕቃ ከሆነ መዳቡ ባልዲው ላይ ይለጠፋል። ኖራውን ለብቻ በ5 ሊትር በጥብጡ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ አለበለዚያ የመርጫውን አፍ ይደፍናል። ከዚያ እያማሰላችሁ መዳቡን ኖራው ላይ አፍስሱ፣ በተቃራኒው አይደለም። ንጹሕ ምስማር ለ1 ደቂቃ ንከሩበት። ቀይ ዝገት መሳይ ከያዘ ገና ቅጠል ያቃጥላልና ኖራ ጨምሩ። በዚያው ቀን ይረጫል፣ አያድርም። የቅጠሉ ሆድና ጀርባ ሁለቱም ይነካ። የሚከላከል እንጂ የሚያድን ስላልሆነ ዝናቡ ሳይጀምር ይረጭ፣ ካጠበው በ10 እስከ 14 ቀን ይደገም። እንዲሁ በዘፈቀደ ግን አትርጩ፤ መዳብ ከአፈር አይወጣም። አውሮፓ ኅብረት በሄክታር በ7 ዓመት ከ28 ኪሎ መዳብ እንዳይበልጥ ገድቦታል።

የጓዳው፦
ስለ ቦታና ዝርያ ብዙ ተባለ፣ ጠርሙሱ የት ተቀምጦ እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። ኮምቦልቻ ሙቀት አላት። ከምድጃ ወይም ከቡና ማሽን በላይ ያለ መደርደሪያ ላይ ከቆየ የትኛውም አገር ወይን ይበስላል። ቡሹ ከአፉ ወጣ ካለ ወይም አንገቱ ላይ የደረቀ ቀይ መስመር ካለ ሙቀት መትቶታል። ቡሽ ያለውን አጋድማችሁ፣ ብርሃን በማይገባበት ክፍል፣ ከተቻለ ከ15 ዲግሪ ባልበለጠ አስቀምጡ። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ቢቆምም ግድ የለም።

"ቀይ በክፍል ሙቀት" የሚባለው የአውሮፓን ቀዝቃዛ ቤት አስቦ ነው፣ 16 እስከ 18 ዲግሪ። ኮምቦልቻ ላይ ከማቅረባችሁ በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። ደሴ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከመደርደሪያው አንስቶ መቅዳት ይቻላል። ሲከፈት የእርጥብ ካርቶን ሽታ ካለው ጥፋቱ የቡሹ ነው፣ ቀይሩለት፤ አየር ቢያገኝም አይለቀውም። ተከፍቶ የተረፈው ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ወጥ ቤት ይግባ።

ለሠርግ ሻምፓኝ የምታቀርቡ ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ 6 አትሞስፌር የሚጠጋ ግፊት አለ። ለ3 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ ሳይቀዘቅዝ ሲከፈት ነው ግማሹ ምንጣፍ ላይ የሚቀረው። ሽቦው በ6 ግማሽ ዙር ይፈታል። ከፈታችሁበት ጊዜ ጀምሮ አውራ ጣት ከቡሹ ላይ አይነሳ። ጠርሙሱን አዘንብላችሁ፣ ፊቱን ከሰው አዙራችሁ፣ ቡሹን ጨብጣችሁ የምታዞሩት ጠርሙሱን ነው።